ከመርፌው ጀምሩ፦ የሸክላ ማጫወቻን ከኮምፒውተር ጋር ስለማገናኘት የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ጠረጴዛው አጠገብ ቦታ አለ። ቀረብ ብትሉ ይሻላል፤ ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ትንንሽ ነው። ለጋበዛችሁኝ ሰዎችም፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ለመጣችሁም ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ፣ የሁለቱን ድምፅ የሚቀላቅል አንድ ሚክሰር፣ ድምፅን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባና የሚያወጣ አንድ ሳውንድ ካርድና አንድ ላፕቶፕ ታያላችሁ። ገመዶቹ ግን አልተሰኩም። ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው። እኔ ስጨርስ የምትሰኩት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ዘፈን ሸክላ ላይ በእጁ ለማጫወት፣ የሸክላ ማጫወቻ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሞከረ ማን አለ? እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የሠራለትስ? እጁን እንዳያወርድ።

አያችሁ? ሁለት እጅ ቀረ።

ይህ የሆነው ስለማትችሉ አይደለም። ብዙዎቻችን ችግሩን የምንፈልገው በሌለበት ቦታ ነው። አንድ ነገር እምቢ ሲል ዓይናችን ወዲያው ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ሶፍትዌሩን እናጠፋለን፣ እንደገና እንጭናለን፣ ላፕቶፑን እንረግማለን። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ላፕቶፑ ጋ አልደረሰም። መርፌው ላይ ነው። ገመዱ ላይ ነው። ከኋላ ያለች አንዲት ብሎን ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ከመርፌው ጀምሩ። ከመርፌው ጀምሩ!

ሦስት ነገር አብረን እናያለን። አንደኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ልዩ ሸክላ ላይ ምን እንዳለ። ሁለተኛ፣ ድምፁ ከመርፌው ተነስቶ ላፕቶፑ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ። ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ ውስጥ የሚስተካከለውን። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ግን ከዚያ በፊት፣ ለምን? ሸክላ በሌለው፣ ቁልፍና መዞሪያ ብቻ ባለው መሣሪያ፣ በኮንትሮለር መጫወት እየተቻለ ይህ ሁሉ ገመድ ለምን ያስፈልጋል? በኮንትሮለር የሚሠሩ ጎበዝ ዲጄዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ሥራውን የለመድኩት የሚዞር ሸክላ ላይ እጄን እያሳረፍኩ ነው። ከእጄ በታች አንድ ከባድ ነገር በራሱ ጉልበት ሲዞር ይሰማኛል። ስይዘው ይቆማል። ስለቀው ይሄዳል። ያ ስሜት ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ወጣት ሆኜ ሸክላ በሳጥን እሸከም ነበር። ለአንድ ምሽት ሁለት ሳጥን ሙሉ። ደረጃ ስወጣ ወገቤ ይቆረጣል። ከወገቤ ይበልጥ የሚያመኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰው መጥቶ አንድ ዘፈን ይጠይቀኛል። ዘፈኑ አለኝ፤ እወደዋለሁ። ግን ሸክላው ቤት ቀርቷል። ያን ሰው «ይቅርታ፣ አልያዝኩትም» ብዬ የመለስኩባቸው ምሽቶች ዛሬም ትዝ ይሉኛል። ስለዚህ ሁለት ሸክላ ብቻ ይዤ ሄጄ ያለኝን ዘፈን ሁሉ በእጄ ማጫወት እንደምችል ስሰማ ማመን አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤን ቱ አይ ቲ የሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ የላፕቶፕ ዘፈን በሸክላ የሚያጫውት፣ ፋይናል ስክራች የተባለውን ሥራ ይዞ ብቅ አለ። ሪቺ ሃውቲንና ጆን አክዋቪቫ ገና ከጅምሩ አብረው ከሞከሩት ዲጄዎች መካከል ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስታንተን የተባለው የመሣሪያ ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። በ2004 ደግሞ የኒውዚላንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ ሴራቶ ከመሣሪያ አምራቹ ሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭ የተባለውን ተመሳሳይ ሥራ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ዲጄ እየቀነሰ ሄደ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ይህንን ሸክላ እዩት። ከሩቅ ከሌላ ሸክላ አይለይም። ላዩ ላይ ግን ዘፈን የለም። አንድም ዘፈን የለም። መርፌ አስቀምጣችሁ በቀጥታ ወደ ስፒከር ብትልኩት የምትሰሙት ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ያ ፉጨት ነው ሥራውን ሁሉ የሚሠራው።

የሴራቶ ሸክላ ላይ ያለው ፉጨት በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይርገበገባል። ትራክተር የተባለው ሌላው የዲጄ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ሸክላ 2,000 ነው፤ ቀጥሎ የመጣው 2,500። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲዞር፣ ማለት አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 1,000 ይቆጥራል። «ፍጥነቱ ልክ ነው» ይላል። በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ፍጥነቱን በግማሽ ብታወርዱት 500 ይቆጥራል። ዘፈኑንም በግማሽ ፍጥነት ያጫውተዋል። ከቆመ ፉጨት የለም፤ ዘፈኑም ይቆማል። ፍጥነትን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

አቅጣጫውንስ? ወደፊት እየሄደ ይሁን ወደኋላ በምን ያውቃል? ፉጨት ከፊትም ከኋላም ያው ፉጨት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያምረው። ሸክላ ግራና ቀኝ ድምፅ አለው። በሁለቱም ላይ ያለው ፉጨት አንድ ነው፤ ግን አንዱ ከሌላው በሩብ ዑደት ይቀድማል። እስቲ እንዲህ አስቡት። በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ተከታትለው በፊቱ ያልፋሉ። ከፊት ያለው ግራ ይባላል፤ ከኋላው ያለው ቀኝ። ወደፊት ሲሄዱ ዘበኛው በመጀመሪያ ግራን ያያል። ሁለቱ ሰዎች ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደኋላ ቢራመዱስ? አሁን በመጀመሪያ የሚያየው ቀኝን ነው። ዘበኛው ከዚህ ሌላ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ያ ዘበኛ ነው። ማን እንደቀደመ አይቶ ሸክላው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ስክራች ስታደርጉ እጃችሁ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ዘበኛው አንዱንም አያሳልፍም።

ይህን የዘበኛ ነገር ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። መርፌውን አንስታችሁ መሃል ላይ ብታስቀምጡት ዘፈኑ ወደ መሃሉ ይዘላል። እንዴት? ፉጨቱ ውስጥ ትንንሽ ለውጦች አሉ። አንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ዝቅ። እነዚህ አንድ ላይ ሲነበቡ ቁጥር ይሆናሉ። መንገድ ዳር እንዳሉ የቤት ቁጥሮች አስቧቸው። መርፌው የትም ይውረድ፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አንብቦ «እዚህ ነን» ይላል።

ልብ በሉ እንግዲህ። ዘፈኑ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ሸክላው የሚልከው የእጃችሁን ወሬ ብቻ ነው። ወሬው መንገድ ላይ ከተበላሸ ላፕቶፑ ምን ያድርግ? ያልደረሰውን ወሬ ከየት ያመጣል?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ መንገዱ። ከየት እንጀምራለን? አዎ፣ ከመርፌው!

ማጫወቻው ራሱ በሞተር በቀጥታ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል። በቀበቶ የሚዞር ዓይነት ለማዳመጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይዘገያል፣ እጃችሁን ስትለቁት ፍጥነቱን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የተባለው ዝነኛ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው የወጣው። ዲጄዎች የወደዱት ሁለተኛው ትውልድ በ1979 መጣ። በ2010 ማምረት ቆመ፤ በ2016 ተመለሰ። ይህ ሁሉ ዘመን ያልጣለው ያ ጠንካራ ሞተር ነው። ግን ስሙን አታምልኩ። ሞተሩ ጠንካራ ከሆነና ፍጥነቱ ከረጋ ሌላ ስም ያለውም ይሠራል።

ቀጥሎ መርፌውን የሚሸከመው ክንድ። ከኋላው ያለውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ አየር ላይ ተንሳፎ እስኪቆም ድረስ አስተካክሉት። ያ ዜሮ ነው። ከዚያ መርፌውን የሠራው ድርጅት የጻፈውን ክብደት ስጡት። ለዲጄ መርፌ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ግራም አካባቢ ነው። መርፌው ሲዘል ያየ ሰው ወዲያው ክብደት ይጨምራል። ሳንቲም የሚለጥፍበትም አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! የሸክላው ቦይ ይፋቃል፤ ቦዩ ሲፋቅ ደግሞ የቤት ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። ያኔ አዲስ ሸክላ ከመግዛት ሌላ መፍትሔ የለም።

አሁን የመርፌውን ማቀፊያ ነቅዬ ላሳያችሁ። ከኋላው አራት ጥቃቅን ጫፎች አሉ። ከውስጥ ደግሞ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ነጩና ሰማያዊው የግራ ናቸው፤ ቀዩና አረንጓዴው የቀኝ። የፀጉር ያህል ይቀጥናሉ። ምሽቱን ሙሉ የምትጫወቱት በእነዚህ ላይ ነው።

አንድ ወጣት ልጅ ነበር፤ አብሮኝ ይማር ነበር። አንድ ቀን ደውሎ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ጨርሻለሁ፣ ሙያው ይቅርብኝ» አለኝ። ምን ሆነ? የግራው ማጫወቻ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል። ዘፈኑ እየሄደ ድንገት ይንተባተባል። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጭኗል። ላፕቶፑንም ሙሉ በሙሉ አጽድቶ እንደ አዲስ አስነስቷል። የሰበሰበውን የዘፈን ዝርዝር፣ ምልክት ያደረገባቸውን ቦታዎች፣ ሁሉንም አጥቷል። ሄድኩ። መርፌውን ነቀልኩት። አራቱን ጫፎች በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኳቸው። መልሼ አጠበቅኩት። ሠራ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ደስ አላለውም፤ አለቀሰ። የጠፋው ሥራው አይመለስማ። ያን ቀን ነው ይህንን ነገር ለማገኘው ሰው ሁሉ እናገራለሁ ያልኩት። ከመርፌው ጀምሩ።

እንቀጥል። ከማጫወቻው ጀርባ ሁለት ገመድ ይወጣል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ቀይ ቀኝ ነው፤ ነጭ ግራ። አብሯቸው አንዲት ቀጭን ገመድ አለች። እሷ ላይ አሁን እመጣለሁ።

ቀይና ነጩን ብታቀያይሯቸው ምን ይሆናል? በተራ ዘፈን ላይ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በዚህ ሸክላ ላይስ? ዘበኛውን አስታውሱ! የሁለቱን ሰዎች ስም ለዋወጣችሁበት። ወደፊት እየሄዱ ነው፤ እሱ ግን «ቀኝ ቀደመ» ይላል። ስለዚህ ዘፈኑ ወደኋላ ይጫወታል።

ይህ በእኔ ደርሷል። ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ በጨለማ፣ በጥድፊያ ነው የሰካሁት። የመጀመሪያውን ዘፈን ለቀቅኩ፤ ደህና ሄደ። ሁለተኛውን ከሌላው ማጫወቻ ልቀላቅል ስል ዘፈኑ ወደኋላ ሄደ። ላብ አጠመቀኝ። የሶፍትዌሩን ቅንብር አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ዘፈኑ ሊያልቅ ነው። ሰዉ እየጨፈረ ነው። በኋላ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ትዝ አሉኝ። «ስትጨነቅ እጅህን ከስክሪኑ ላይ አንሳና ገመዱን በጣትህ ተከተል» ይሉኝ ነበር። ከመርፌው ጀምሬ ገመዱን በጣቴ ተከተልኩት። ሳውንድ ካርዱ ጋ ስደርስ ቀዩ የነጩ ቦታ ላይ ተሰክቷል። አቀያየርኳቸው። ዘፈኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀላቀልኩ። ማንም አላወቀም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስሰካ ጮክ ብዬ «ቀይ ቀኝ» እላለሁ።

አሁን በጣም ብዙ ሰው ወደሚስተው ቦታ ደረስን። ፎኖና ላይን። እነዚህ ሁለት ቃላት ሚክሰራችሁም ሳውንድ ካርዳችሁም ላይ ተጽፈዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከመርፌ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው። 5 ሚሊቮልት አካባቢ። ከሌሎች መሣሪያዎች የሚወጣው፣ ላይን የምንለው፣ ከ300 ሚሊቮልት በላይ ነው። የመርፌው ድምፅ በሹክሹክታ የሚናገር ሰው ነው፤ ላይን በመደበኛ ድምፅ የሚያወራ። ፎኖ የተባለው መግቢያ ሹክሹክታውን 100 ጊዜ ያህል ያጎላዋል። ሌላም ሥራ አለው። የዘፈን ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። እንደዚያ ካልሆነ የወፍራሙ ድምፅ ቦይ በጣም ይሰፋል። ፎኖ መግቢያ ይህን መልሶ ያስተካክለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚከተለው አንድ ስምምነት አለ፤ አር አይ ኤ ኤ ይባላል።

ታዲያ መርፌውን ላይን መግቢያ ላይ ብትሰኩት? ሹክሹክታው ሹክሹክታ ሆኖ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ወይ ምንም አይሰማም፣ ወይ ይንተባተባል። በተቃራኒው፣ ብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ማጉያ በውስጣቸው አላቸው። ከጀርባቸው ፎኖ እና ላይን የሚል ማብሪያ ታገኛላችሁ። እሱ ላይን ላይ ሆኖ እናንተ ደግሞ ፎኖ መግቢያ ላይ ከሰካችሁ ሁለት ጊዜ ጎላ ማለት ነው። ፉጨቱ ይፈነዳል፣ ቅርጹ ይበላሻል። ሕጉ አንድ ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጉላ። አንድ ጊዜ! ማጫወቻው ላይን ካለ መግቢያውም ላይን ይበል፤ ማጫወቻው ፎኖ ካለ መግቢያውም ፎኖ ይበል።

አሁን ያቺ ቀጭን ገመድ። የግራውንድ ገመድ። ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው። ሚክሰሩ ወይም ሳውንድ ካርዱ ጀርባ ላይ የምትታሰርባት ብሎን አለች። ብዙ ሰው ይተዋታል፤ ትንሽ ስለሆነች ትርፍ ትመስለዋለች። ቆይቶ «ኡኡኡም» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ድምፅ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚመጣ ነው፤ እንደ አገሩ 50 ወይም 60 ጊዜ በሰከንድ። ያን ደካማ የመርፌ ድምፅ 100 ጊዜ ስናጎላው ኡኡታውንም አብረን እናጎላዋለን። በዚህ ሸክላ ሲሆን ችግሩ ድርብ ነው። እናንተ ኡኡታውን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ስፒከሩ ላይ ያለው የላፕቶፑ ዘፈን ነውና። ሶፍትዌሩ ግን ይሰማዋል። ሸክላው ቆሞ ሳለ ዘፈኑ ከቦታው ትንሽ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ መጀመሪያ ይህችን ብሎን ጠርጥሩ።

እኔ ብሎኗን አጥብቄም ተሸውጃለሁ። ሳምንታት ሙሉ አንድ ኡኡታ አላስተኛ አለኝ። ገመዷ ታስራለች፣ ብሎኗ ጠብቃለች። በመጨረሻ ፈትቼ ሳያት ጫፏ ዝጋለች። ጥቁር ሆናለች። ነክታለች እንጂ አላገናኘችም። በአሸዋ ወረቀት ቀስ ብዬ ፈገፈግኳት፤ ኡኡታው ወዲያው ጠፋ። ስለዚህ ማሰር ብቻውን አይበቃም። ብረቱ ብረቱን ይንካ።

ሳውንድ ካርዱ ለሁለት ማጫወቻ አራት መግቢያና አራት መውጫ ያስፈልገዋል። ማጫወቻው ወደ ሳውንድ ካርዱ ይገባል። ከሳውንድ ካርዱ ወደ ሚክሰሩ ላይን መግቢያዎች ይወጣል። ሳውንድ ካርዱ በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሚክሰሮች አሁን ሳውንድ ካርዱን በውስጣቸው ይዘዋል፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ማጫወቻውን ሚክሰሩ ላይ ሰክታችሁ አንድ ዩኤስቢ መሳብ ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የሚቀበሉት የተወሰኑ ሳውንድ ካርዶችን ነው። ሚክስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በዚህ በኩል ልቡ ሰፊ ነው፤ የሴራቶንም፣ የትራክተርን የመጀመሪያ ሸክላም ያነባል። ለሚጀምር ሰው ሁልጊዜ የምመክረው እሱን ነው።

ስታበሩ ስፒከሩ መጨረሻ ይበራል። ስታጠፉ ስፒከሩ መጀመሪያ ይጠፋል። ይህን ካደረጋችሁ ስፒከራችሁ ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል።

ሦስተኛው፣ ላፕቶፑ። ብዙ አልቆይበትም። ዩኤስቢውን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፤ በማከፋፈያ አይሁን። ዊንዶውስ ከሆነ ላፕቶፑና ሳውንድ ካርዱ ሳይዘገዩ የሚግባቡበትን፣ አሲዮ ድራይቨር የሚባለውን ጫኑ፤ ማክ የራሱ አለው። ኃይል ቆጣቢውን አጥፉ። ማሳወቂያዎችንም አጥፉ።

በፈር የሚለውን ቁጥር ግን እንነጋገርበት። ላፕቶፑ ድምፁን ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ ነው የሚሠራው። በተለመደው ቅንብር ድምፅ በሰከንድ 44,100 ቁራጭ አለው። በፈሩ 512 ከሆነ እያንዳንዱ ጥርቅም 11.6 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። 128 ከሆነ 2.9 ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ እጃችሁና ድምፁ ይራራቃሉ፤ ሸክላው በላስቲክ የተሳበ ይመስላል። በጣም ሲያንስ ደግሞ ላፕቶፑ አይደርስበትም፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ከፍ ካለው ጀምሩ። እስኪቆራረጥ ድረስ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ አንድ ደረጃ መልሱት። ጎረቤቴ ስንት ላይ አደረገ አትበሉ፤ የየራሳችሁ ላፕቶፕ አቅም ነው የሚወስነው።

ስክሪኑ ላይ ደግሞ አንድ ክብ ታያላችሁ። ሸክላው ሲዞር ግራና ቀኙ ፉጨት አንድ ላይ የሚስሉት ክብ ነው። ይህ ክብ የሐኪም ማዳመጫችሁ ነው። ክቡ ክብ ከሆነ ወሬው ደህና ደርሷል። ወደ አንድ መስመር ከጠበበ አንዱ ጎን አልመጣም፤ ወደ አራቱ ጫፎች ተመለሱ። እንቁላል ከሆነ አንዱ ጎን ደክሟል። ክቡ ትንሽ ሆኖ መሃል ላይ ከተሸማቀቀ ፎኖና ላይኑን እዩ። ማስተካከያውን የምትሠሩት ደግሞ በምትጫወቱበት ቦታ፣ ሸክላው ቆሞ፣ መርፌው ላዩ ላይ ሆኖ፣ ስፒከሩ እየጮኸ ነው። ሶፍትዌሩ የቤቱን ንዝረት ለይቶ እንዲያውቀው ነው። ጸጥ ባለ ክፍል የተስተካከለ ነገር ስፒከር ሥር ሲሆን ይሳሳታል። ማጫወቻውን የስፒከር ሣጥን ላይ እንዳታስቀምጡት! ወፍራሙ ድምፅ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፤ ጠረጴዛው መርፌውን ያንቀጠቅጣል።

እዚህ ፊት ያለሽው እህቴ፣ ቅድም ስገባ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር። «መሃል ላይ መርፌው ቢሰበርስ?» ነው ያልሽኝ። ለሁሉም ልመልሰው። ሶፍትዌሩ ሦስት አሠራር አለው። በመጀመሪያው የቤት ቁጥሩን ይከተላል፤ መርፌውን ያነሳችሁበትና ያስቀመጣችሁበት ቦታ ሁሉ ይቆጠራል። በሁለተኛው የሚከተለው ፍጥነትና አቅጣጫን ብቻ ነው፤ መርፌው ቢዘልም ዘፈኑ አይዘልም። ሦስተኛው የውስጥ ይባላል። ሸክላውን ጨርሶ አይሰማም፤ ዘፈኑ በራሱ ይሄዳል። መርፌው ቢሰበር፣ ሰው ጠረጴዛውን ቢገፋው፣ ገመድ ቢነቀል፣ ወደ ውስጥ ቀይሩት። አንድ ቁልፍ ነው። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ እናንተ ተረጋግታችሁ መርፌ ትቀይራላችሁ። ይህን ቁልፍ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክታገኙት ድረስ ቤት ተለማመዱት። በጨለማ ነው የምትፈልጉት። ትርፍ መርፌም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ሁልጊዜ።

ያለ መርፌ የሚሠሩ መሣሪያዎችም መጥተዋል። ትንሽ ነገር ሸክላው መሃል ላይ ትቀመጣለች፤ የዙሩን ወሬ በአየር ትልካለች። ጥሩ ናቸው፤ ሞክሬያቸዋለሁ። ያም ሆኖ መርፌ መንከባከብ የሚያውቅ ሰው እነሱም በቶሎ ይገቡታል እንጂ አይቸገርም።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። አሁን እጅ ነው የሚሠራው። አራት ሰው ወደ ጠረጴዛው ይምጣልኝ። ሁለቱ የግራውን ያዙ፣ ሁለቱ የቀኙን። ሌሎቻችሁ ከበብ በሉና እዩ፤ ሲሳሳቱ አትንገሯቸው፣ ራሳቸው ያግኙት። ላፕቶፑ ገና አይከፈትም። መርፌውን ንቀሉና ጫፎቹን እዩልኝ። አዎ፣ እንደዚያ። ቀይ ቀኝ። በጣም ጥሩ። ያቺን ቀጭን ገመድስ ማን ያስርልኛል?